ጥላ ያልተመደበለት በር

የጨረታ ሰነድ ማገላበጥ የሥራዬ አካል ነው። አንድ ጊዜ ቀላል ጥበቃ የሚደረግበት ማረሚያ ቤት የሥራ ዝርዝር እጄ ገባ። ስሙ ቀላል ጥበቃ ነው፤ አጥሩ በሜትር፣ የማማው ብረት በኪሎ ተቆጥሯል። ጠያቂ ቤተሰብ የሚያርፍበት ጥላ ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ወንድሜ ታስሮ በነበረ ጊዜ እናቴ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በር ላይ ፀሐይ ሲያቃጥላት ትውል ነበር። እሷ ላይ ማንም አልፈረደባትም።

በኖርዌዩ ባስቶይ ደሴት ታራሚዎች በእንጨት ቤት እየኖሩ እርሻ ይሠራሉ። "ያ ለሀብታም አገር ነው" ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ለጥላ ግን ቆርቆሮና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 እስረኛ በቅርብ ዘመዶቹ የመጎብኘት መብት አለው ይላል። ያ መብት የሚጀምረው በር ላይ ነው።

ዲዛይን ላይ የተረሳ ነገር፣ ውል ከተፈረመ በኋላ "ተጨማሪ ሥራ" ይባላል። በዋጋው ድርድር ይነሳል፣ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቅበታል፣ መጨረሻ ላይ "በጀት የለም" ይባላል። ስለዚህ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት መሐንዲሱ አንድ ሰው ያማክር፤ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ የቆመችን እናት።