የልጅ ዋጋ

የእገታ ታሪክ የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ፊልም በትዕግሥት ማጣት ይታያል። የሪድሊ ስኮትን «ኦል ዘ መኒ ኢን ዘ ወርልድ» (እ.ኤ.አ. 2017) ለማየት የተቀመጥሁት በዚሁ ስሜት ነበር። የተነሣሁት ግን ቅር ተሰኝቼ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ከእውነተኛው ታሪክ መነሣት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1973 የ16 ዓመቱ ጆን ፖል ጌቲ ሳልሳዊ በሮም ከተማ ታገተ። አጋቾቹ 17 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። በነዳጅ ዘይት የናጠጡት አያቱ ግን ለአንዱ ቢከፍሉ ሌሎቹ የልጅ ልጆቻቸውም እንደሚታገቱ በመናገር እጃቸውን ሰበሰቡ። በኖቬምበር የልጁ የተቆረጠ ጆሮ በፖስታ ለአንድ ጋዜጣ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የተቀነሰ ገንዘብ ተከፍሎ በዲሴምበር ተለቀቀ። እናቱ አምስት ወር ጠብቃለች።

መጠበቅን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ለሥራ ወጥቶ ደብዛው በጠፋ ጊዜ፣ እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ድርሻውን በመሶብ ከድና ታሳድርለት ነበር። አልጮኸችም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ቀና ትል ነበር እንጂ።

የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ይህን ያውቃል። ሚሼል ዊሊያምስ እናቲቱን የተጫወተችው እንባዋን ውጣ ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ በሌላ ተዋናይ ቦታ ተተክቶ በጥቂት ቀናት የሠራው ክሪስቶፈር ፕላመርም ገንዘብ ልብን እንዴት እንደሚያደነድን ያሳየናል። አዘጋጁ ግን በዚህ አልተማመነም። ልጁ ከተለቀቀ በኋላ አጋቾቹ ሐሳባቸውን ለውጠው በጨለማ መንደር ውስጥ ሲያሳድዱት እናያለን፤ አዛውንቱም በዚያው ሌሊት ይሞታሉ። እውነተኛው ልጅ የተገኘው በደቡብ ጣሊያን በመኪና መንገድ ዳር ነው። አያቱ የሞቱትም ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1976 ነው።

ኪነ ጥበብ የታሪክ መዝገብ ይሁን አልልም። ፈጠራ ግን እውነትን ሊያጎላ እንጂ ተመልካችን ከጥያቄ ሊገላግል አይገባውም። በልጅ ልጁ ሕይወት ዋጋ የተከራከረ ሰው በነዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ከራሱ ጋር እንዴት ኖረ? ፊልሙ ሊመልስልን የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሩጫው ሸፈነው።

ወንድሜ የተመለሰ ማታ ማንም አልሮጠም። እናቴ መሶቡን ከፍታ፣ «ተቀመጥና ብላ» አለችው።