«ሥጋው የታለ?»

ስብሰባው ረዝሟል። ተናጋሪው ዕቅዱን በሚያማምሩ ሥዕሎች እያስጌጠ ቀጥሏል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አሜሪካዊ ባልደረባዬ «ሥጋው የታለ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወሩ ዐቢይ ጾም ነበርና፣ ጥያቄው ለእኔ ይበልጥ እንግዳ ሆነብኝ።

አባባሉን ተከትዬ ስሄድ የደረስኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሃምበርገር ማስታወቂያ ነው፤ ዌንዲስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 በቴሌቪዥን ያሳየው። ሦስት አሮጊቶች በሌላ ምግብ ቤት ባንኮኒ ፊት ቆመዋል። ሁለቱ የዳቦውን ትልቅነት፣ ልስላሴውን እያነሱ ያደንቃሉ። ክዳኑ ሲነሣ በዳቦው መሀል ጠፍታ የቀረች ቁራጭ ሥጋ ትታያለች። ይኼኔ ሦስተኛዋ፣ ወይዘሮ ክላራ ፔለር፣ በሻከረ ድምፅ ይጮኻሉ፦ «ሥጋው የታለ?»

ወይዘሮ ክላራ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ጥፍር በማስዋብ ሥራ የኖሩ የቺካጎ ሴት ነበሩ። ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ሲጻፍ ረዘም ይል ነበር፤ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው አጠረ። ስንኝ ሲቋጥር ያመሸ ሰው ይህን ሲሰማ የሚቀና ይመስለኛል። እኛ ቃል ስንቀንስ እናድራለን፤ ለእሳቸው ሳንባቸው አረመላቸው።

በዚያው ዓመት በማርች ወር፣ ለዴሞክራቶች ዕጩነት ይወዳደሩ የነበሩት ዋልተር ሞንዴል የተቀናቃኛቸውን የጋሪ ሃርትን «አዳዲስ ሐሳቦች» በክርክር መድረክ ላይ በዚሁ ጥያቄ ነቀፉ። በእኛ ቢሆን «ሰሙን አየነው፤ ወርቁስ?» እንደማለት ነው። ዕጩነቱን አገኙ። በኖቬምበር ግን ሬገን ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙን ወሰዱባቸው።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የያዘው የ1985ቱ ነገር ነው። ወይዘሮ ክላራ ለፕሬጎ የፓስታ ሶስ ሌላ ማስታወቂያ ሠሩ፤ እዚያም «አገኘሁት» አሉ። ዌንዲስ፣ «ሥጋው ከእኛ ሌላ ቤት ተገኘ ያሰኛል» በማለት ውላቸውን አቋረጠ። ጥያቄው በእሳቸው ትንፋሽ ልክ ተቀርጾ ሳለ፣ መልሱን የመስጠት መብት ግን የእሳቸው አልነበረም። ሞንዴልን ማን ከለከላቸው? ወይዘሮዋ እ.ኤ.አ. በ1987 አረፉ።

ማስታወቂያው ዛሬም በኢንተርኔት ይገኛል። ብዙ ሰው ያችን ጥያቄ ሰምቶ ይስቅና ይዘጋዋል። እስከ መጨረሻው የጠበቀ ግን፣ ወይዘሮዋ ባዶውን ባንኮኒ አሻግረው እያዩ የሚሉትን ይሰማል፦ «ከወዲያ ሰው ያለ አይመስለኝም።»