የአባቴ ቮልስዋገን

በልደታ ሠፈር፣ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በስተጀርባ፣ በሸራ ተሸፍና የቆመች አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን አለች። አባቴ በመምህርነት ሲያገለግሉ ከደመወዛቸው ቈጥበው በ1972 ዓ.ም. የገዟት ናት። የቀድሞው ቤታችን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የግቢያችን ጽድና የእናቴ ምድጃ እዚያው ቀሩ፤ መኪናይቱ ግን አብራን ተሻገረች።

ባለፈው ዓመት አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ከሶማሌ ተራ መጥቶ፣ ፈታትቶ ሊሸጣት ዋጋ ነገረኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ኑሮ የታወቀ ነውና ልቤ ወደ መሸጡ እንዳዘነበለ አልደብቅም። አባቴን ባማክራቸው «ያንተ ናት፤ እንደ ወደድህ አድርግ» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ።

እንዴት እንዲህ በቀላሉ ልለያት እንደ ቻልሁ ራሴን ብመረምር ምክንያቱን በልጅነቴ አገኘሁት። አባቴ ሞተሩን ለማየት ባጐነበሱ ቍጥር አጠገባቸው እቆም ነበር፤ እጄን ስዘረጋ ግን «አትንካ!» ይሉኝ ነበር። ማጠብ የኔ፣ መፍታት የሳቸው ሆነ። ጥቂት ቈይቼ እኔም ወደ ኳሴ ሄድሁ።

አውቶሞቢል በአገራችን ታሪክ ውስጥ ስፍራ የሌለው ዕቃ አይደለም። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ነው። የዚህችው ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፣ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ የምትፈታውን አሮጌ መኪና የሚተካት ሌላ አይኖርም።

ከብረቱ ጋር የሚጠፋ ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ቋንቋው ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ ወደ ጋራዦቻችን ገብተው አማርኛ ሆነዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ካንዴላም ማርሚታም የለውም። ስሙን የሚጠራው ሠራተኛ ሲያልፍ ስሙም አብሮት ያልፋል።

ነጋዴው መልስ በሚጠብቅበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ የአሥር ዓመት ልጄ ሸራውን ገልጦ የፊቱን ኮፈን ከፈተ። ወዲያውም «አባባ! ሞተሯን ሰርቀዋታል!» እያለ ወደ አያቱ ሮጠ። አባቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልባቸው ሳቁ። እጁን ይዘው ወደ ኋላ ወሰዱት፤ ሞተሯ በስተኋላ እንዳለች፣ የሚያቀዘቅዛትም ነፋስ እንጂ ውሃ እንዳልሆነ አሳዩት። ከዚያም የካንዴላ መፍቻውን አውጥተው «እንካ፣ ፍታ» አሉት።

«አትንካ!» የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። አባቴ በዓይናቸው አስቆሙኝ። ልጁ ታግሎ ፈታው፤ ነገር ግን ካንዴላው ከእጁ አምልጦ በሲሚንቶው ላይ ወደቀና ነጩ ሸክላ ተሰነጠቀ። ልጁ ደንግጦ የአያቱን ፊት ተመለከተ። እሳቸውም ቀስ ብለው «ካንዴላ ይገዛል» አሉ።

እኔን በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ አላሉኝም። ስለዚህ አልወቅሳቸውም፤ ያን ጊዜ መኪናይቱ የቤታችን ብቸኛ ሀብት ነበረችና ሊሳሱላት ይገባቸው ነበር። ዳሩ ግን ሲሳሱ ወራሽ አጡ። እኔም ሞተሯን ሳልነካ አድጌ ለነጋዴ ልሰጣት ደረስሁ።

በዚያው ሳምንት ለነጋዴው እንደማልሸጥ ነገርሁት። መኪናይቱ አሁንም ዘወትር አትነሣም፤ ደመወዜም አልጨመረም። የአባቴ እጆችም እየተንቀጠቀጡ ስለ ሆነ ለዚህ ትምህርት የቀረው ጊዜ ብዙ አይደለም። አሮጌ ዕቃ ከአባቱ የወረሰ አንባቢ ቢኖር፣ ታሪኩን ለልጁ ከመተረኩ አስቀድሞ መፍቻውን ያስጨብጠው እላለሁ። እኔም እሑድ እሑድ በሁለቱ መካከል ቆሜ የእጅ ባትሪውን አበራለሁ። ዘግይቼም ቢሆን ትምህርቱን ጀምሬአለሁ።