ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ጠፋሁ አይደል? ዛሬ አንድ ጥያቄና አንድ ልመና ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄው የ13 ዓመቱ ልጄ የጠየቀኝ ነው። ልመናው ለእናንተ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ሳይክላችንን ይዘን እንጦጦ ወጣን። ቤታችን ሽሮ ሜዳ አካባቢ ስለሆነ ዳገቱ የሚጀምረው ከበራችን ነው። ላይ ስትደርሱ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ አየሩ ይሳሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እውነቱን ለመናገር ከነዳነው የገፋነው ይበልጣል። የዚያ ሁሉ ድካም ካሣው ቁልቁለቱ ነው።

ዓርብ ማታ የልጁን ሳይክል ገልብጬ «ሰርቪስ» ሳደርግ ነበር ያመሸሁት። ካቴናውን በሚረጭ ዘይት አጠጣሁት። ማርሹን አስተካከልኩ። በመጨረሻም ካቴናውን በጠረግኩበት ጨርቅ ሁለቱንም የፍሬን ዲስኮች እስኪያበሩ ድረስ ወለወልኳቸው። ሲያምሩ ብታዩ! ጠዋት ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ፍሬን የሚነካ ሰው አልነበረም።

ስንወርድ ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ ከፊቴ የነበረው ልጅ ፍሬን ያዘ። ሳይክሉ ጮኸ እንጂ አልቆመም። «አባዬ!» ሲል ሰማሁት። ደግነቱ መኪና አልመጣም፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቁጥቋጦ ላይ ወደቀ። ሄልሜት አድርጎ ነበር። ጉልበቱና ክርኑ ተላጠ፣ ሌላ ምንም አልሆነም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳይክሌን ጥዬ እሱ ጋ እስክደርስ የሮጥኩትን ሩጫ ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የፍሬን ሸራ የሚይዘው በሰበቃ ነው (ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ አትሳቁ)። ሸራው ደግሞ ዘይት ይመጣል። ዲስኩን በአልኮል ማጽዳት ይቻላል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ይህን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በእጄ ላይ ያለው ጨርቅ ያው የዘይቱ ጨርቅ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

ጉልበቱን በውሃ እያጠብኩለት ጠየቀኝ፦

«አባዬ፣ ፍሬኑ ድሮም ተበላሽቶ ነበር እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነካካኸው?»

መልስ አጣሁ። እናቴ በሕይወት ብትኖር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ትጨርሰው ነበር። ሳይክሎቹን እየገፋን ወደ ቤት ስንወርድ፣ ይሄ ጥያቄ ለእኔ አዲስ እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስልኬ ይሠራል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ደህና ነው። አዲስ አንድሮይድ ግን አይመጣለትም። እኔ ደግሞ ሊኔጅ ኦኤስ የሚባለውን፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ሲስተም ልጭንበት ጎመጀሁ። ለዚያ መጀመሪያ ቡትሎደሩ መከፈት አለበት። ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠረጋል፤ የተሰረቀ ስልክ ቢሆን ሌባው ያንተን ነገር እንዳያይ ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው። ማስጠንቀቂያውን አንብቤዋለሁ። ፎቶዎቼን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጫለሁ። ከዚያ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ።

የድምፅ መቅጃው ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው በሌላ ፎልደር ነበር። እሱን አልገለበጥኩም። እዚያ ውስጥ የእናቴ 14 ደቂቃ ነበረች። የፋሲካ ዕለት ቡና እየወቀጠች፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኔን አዝላ ማታ ማታ ፊደል ስትቆጥር የነበረውን እያወራች የቀዳኋት። በመሐል የሙቀጫው ድምፅ ይሰማል። ስልኩን በከፈትኩበት ጊዜ እማዬ ካረፈች ሰባት ወር ሆኗታል።

መገናኛ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ሊዋሸኝ አልፈለገም። እንዲህ ያለ ስልክ ፋይሉን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሲጠረግ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል። «ጋሼ፣ ሳጥኑ አለ፣ ቁልፉ ግን ቀልጧል» አለኝ። ገንዘብም አልተቀበለኝም።

ሁለተኛው ብሎጌ ነው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በ2003 ዓ.ም. ጀምሬ 61 ጽሑፎች ነበሩት። ደህና ይሠራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን መልኩ አላስደሰተኝም፤ ገጽታውን ቀይሬ ወደ ሌላ ሰርቨር ላዛውረው ተነሣሁ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ የፊደል መበላሸት ጣጣ ድሮ ቀረ ብዬ ነበር። ዳታቤዙን ሳዛውር ግን አንድ ቦታ ላይ የድሮው የላቲን ሠንጠረዥ ተመርጦ ቀርቷል። ያ ሠንጠረዥ ቦታ ያለው ለ256 ምልክቶች ብቻ ነው፤ ሀ ሁ የለበትም። ቦታ ያጣ ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። «ሰላም» የነበረው «???» ሆነ። ፊደሉ በተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ቢወጣ ኖሮ መልሶ መፍታት ይቻል ነበር። የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተጻፈ ግን ከሥሩ ምንም የለም።

ባክአፕ አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ፤ በራሱ የሚሠራ። ሌሊቱን የጥያቄ ምልክቶቹን በጤነኛው ላይ ደርቦ አስቀመጠልኝ።

አሁን ውጭ አገር የምትኖር አንዲት ተማሪዬ ሰምታ ጻፈችልኝ። ብሎጉ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ በኢሜይል ይላክላት ነበር። «ቲቸር፣ እኔ ኢሜይል አጥፍቼ አላውቅም» አለችኝ። 38ቱን ላከችልኝ። 23ቱ ጠፍተው ቀሩ።

ከልጄ ጥያቄ በኋላ ሦስቱንም አንድ ላይ ሳያቸው አንድ ነገር ታየኝ። ዕቃዎቹ ምንም አልሆኑም። ያ ስልክ ዛሬም ፈጣን ነው። ብሎጉ ያምራል። ሳይክሉም አዲስ ሸራ ገብቶለት ቆሟል። እኔ ሁልጊዜ የምሳሳለት ለዕቃው ነበር፤ ብሎኑ እንዳይጠፋ፣ ስክሪኑ እንዳይጫር። ዕቃ ግን ይተካል። የማይተካው ውስጡ ያለው፣ ወይም ላዩ ላይ የተቀመጠው ነው።

ከእንግዲህ ካቻቢቴ አልነካም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። የአባቴን ሬዲዮ ከፈታሁበት ቀን ጀምሮ የማውቀውን ያወቅኩት እየነካካሁ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሳስተምራችሁም እሱን ነበር የማካፍላችሁ። አሁን ግን ከመክፈቴ በፊት የልጄን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ያልተበላሸ ከሆነ መክፈቱ ለፍላጎቴ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ለፍላጎቴ ሲሆን ደግሞ ኪሳራው የሰው መሆን የለበትም። እሑድ ዕለት አዲሱን ሸራ ያስገባው ልጄ ራሱ ነው፤ እኔ ቁልፍ አቀባይ ሆኜ ዋልኩ። አዲስ ሸራ ወዲያው አይዝም፤ ደጋግሞ እየነዱ እየያዙ ማለማመድ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ያለማመድኩትም መጀመሪያ የነዳሁትም እኔ ነኝ።

አሁን ልመናዬ። የእማዬ ድምፅ ከጠፋ በኋላ ያስታወስኩትን ያህል ጽፌ ብሎጉ ላይ አውጥቼው ነበር። ርዕሱ «የእማዬ ሀ ሁ» ይላል። ከ23ቱ አንዱ እሱ ነው። ዛሬ እንደገና ልጽፈው ብቀመጥ ያኔ የማስታውሰውን ግማሹን አላስታውስም። በኢሜይላችሁ፣ በድሮ ስልካችሁ፣ ወይም ፕሪንት አድርጋችሁት ደብተር ውስጥ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ። ግማሹም ቢሆን ይበቃኛል።

እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁ ውስጥ የእናት ወይም የአባት ድምፅ ካለ፣ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ከዚያ የፈለጋችሁትን ክፈቱ።