ጴጥሮስ የተኛበት ሌሊት

ጥብርያዶስ፣ እስራኤል

ለምወዳችሁ ቤተሰቦቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ወንጌል የገሊላ ባሕር ከሚለው ሐይቅ ዳር ሆኜ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ከዳሎል እንኳ በብዙ ዝቅ ይላል። ዙሪያውን ከፍታ ከቦታል፤ ከላይ የቀዘቀዘው አየር ወደ ሞቃቱ ጎድጓዳ ቁልቁል ሲወርድ ጸጥ ያለው ውኃ ባልታሰበ ሰዓት ይናወጣል። በስተሰሜን ካለው ኮረብታ ላይ ደግሞ ጌታ ስለሚበላውና ስለሚለበሰው መጨነቅን ተዉ ብሎ እንዳስተማረበት በትውፊት የሚታመነው ስፍራ አለ።

ይህን ትምህርት የሞላለት ሰው ለተቸገረ የሚሰጠው ርካሽ ምክር ነው የሚሉ አሉ። ለእነሱ መልሱ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ጊኖሳር በሚባለው መንደር ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1986 ድርቅ ሐይቁን ሲያሸሸው የ2,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ጀልባ ከጭቃ ውስጥ ተገኘች። ርዝመቷ ከ8 ሜትር ጥቂት ያልፋል። እንጨቷ ሲመረመር አሥር ያህል የዛፍ ዓይነት ተገኘበት፤ አብዛኛው ሳንቃዋ ዝግባ ሆኖ ቁርቁራውም ሾላውም ገብቶበታል። ከፊሉ ከሌላ ጀልባ የተነቀለ ነው። በመጨረሻም ለሌላ ጀልባ የሚሆነው አካሏ ተፈታትቶ ተወስዶ ነው የተጣለችው። እንግዲህ ያን ስብከት የሰሙት፣ የተገኘውን እንጨት እየጣፉ የሚያድሩና በዚያ ላይ ግብር የሚጠየቁ ሰዎች ነበሩ። የሚያስጨንቅ ነገር የላችሁም አልተባሉም። ያው ወንጌል ድንቢጥ እንደምትወድቅ አይሸሽግም፤ ያለ አባታችን ፈቃድ አትወድቅም ነው የሚለው። ክርክሩ ያረፈው በኑሯቸው ላይ ሳይሆን አባታቸው ማን እንደሆነ በማወቅ ላይ ነው።

ማርቆስ በምዕራፍ 4 የሚተርከው ማዕበል የተነሣው እዚሁ ውኃ ላይ ነው። ከደቀ መዛሙርቱ ቢያንስ አራቱ ሐይቁን የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ስለነበሩ ፍርሃታቸው የጀማሪ ፍርሃት አይደለም፤ ጀልባዋ በእርግጥ ውኃ እየሞላት ነበር። በማርቆስ ትረካ ግን በጀልባዋ ተኝቶ የነበረውን ጌታ ሲቀሰቅሱት እርዳን ብለው አልለመኑትም። ብንጠፋ አይገድህም ወይ ብለው ወቀሱት። ለእኔ የጭንቀት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ማዕበሉስ ያስፈራል፤ እንቅልፍ የሚነሣን ግን የሚገደው የለም ብሎ ማሰቡ ነው። ታሪኩም የሚያልቀው እፎይ ሲሉ አይደለም። ነፋሱ ካቆመ በኋላ እጅግ ፈሩ፤ ይህ ማን ነው ተባባሉ። የማዕበሉ ፍርሃት ሲለቃቸው አብሯቸው የተሳፈረው ማን እንደሆነ ማሰብ ያዛቸው።

ታዲያ የሁሉ ሰው ማዕበል ጸጥ ይላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይልም። የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ ከእነዚያ ዓሣ አጥማጆች አንዱ ነው፤ ዓመታት ቆይቶ በሄሮድስ ሰይፍ ተገደለ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ሞቱን በአጭሩ ነግሮን ያልፋል። ቀጥሎ ሌላው ዓሣ አጥማጅ ጴጥሮስ ተያዘ፣ 16 ወታደሮች ተመደቡበት። ለፍርድ ሊወጣ በዋዜማው ሌሊት፣ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ፣ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቶ ነበር። ሊያወጣው የመጣው መልአክ ጎኑን መትቶ ነው የቀሰቀሰው! መልአክ ስለመጣለት ነው እንዳትሉኝ፤ የተኛው መልአኩ ሳይመጣ ነው። ከፊቱ ያለው ማስረጃ ያዕቆብ አለመትረፉ ነበር። ስለዚህ ጴጥሮስን ያስተኛው ነገ ደህና ይሆናል የሚል ግምት ሊሆን አይችልም። በጀልባዋ ላይ ማንነቱ ግራ ያጋባቸውን ጌታ፣ ከመስቀሉና ከትንሣኤው በኋላ አውቆታል። ስለ ሰው እስከ መሞት ድረስ የሚገደው መሆኑን ያወቀ ሰው አይገድህም ወይ ብሎ አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» እያልን የተጨነቀን ሰው አፍ የምናስይዘው ነገር ስለዚህ አይጥመኝም። የያዕቆብን እናት በዚህ ቃል ማን ያጽናናታል? እግዚአብሔርን ማወቅ ነገ የሚሆነውን ማወቅ አይደለም። አትጨነቁ ማለት ስንፍናን ያበረታታል ለሚለው ደግሞ፣ ያ ስብከት በምሳሌ ያነሣቸው ወፎችም ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ምንም እንዳይጨነቁ የጻፈው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ያደረ ሰው ነው። ጭንቀቱ ሕመም የሆነበትን ሰው እምነት ጎድሎህ ነው ማለት ግን ጭካኔ ነው። መጽሐፈ ሲራክ እንኳ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ አክብሩት ይላል።

እስቲ የማርቆስን ምዕራፍ 4 መጨረሻና የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 12 መጀመሪያ አንድ ማታ ላይ አብራችሁ አንብቡ። ለተጨነቀ ጎረቤትም አይዞህ ከማለታችሁ በፊት ምን እንደገጠመው ጠይቁት። እኔንም በጸሎታችሁ አትርሱኝ።