የወገብ ነገር

አማርኛችን ለወገብ የሰጠው ቦታ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቆርጦ የተነሳ ሰው ወገቡን ታጥቆ ነው የሚነሳው። ክፉ ወሬ የሰማ “ወገቤን ቆረጠኝ” ይላል። እጅና እግር እያሉ የሰው ልጅ ቀጥ ብሎ የመቆሙ ነገር የተጣለው ወገብ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በወሬ ብቻ ነበር የማውቀው። አምና ግን አንድ ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ እንዳልኩ ያዘኝና ቀና ማለት ሲያቅተኝ፣ አባባሉ ከጆሮዬ አልፎ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ታዲያላችሁ መታመሜ የተሰማ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባል የለ? እኔ አልደበቅሁም፤ የተገኘው መድኃኒት ግን ለአንድ ወገብ በዛ! አንዱ ወጌሻ ይጠቁማል፣ ሌላው ዋግምት ይመክራል። አክስቴ “መጀመሪያ ጸበል!” ትላለች። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ ሰፊ የወገብ ቀበቶ አምጥቶ “አንድ ወር ብቻ እሰረው” አለኝ። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ግን አንድ ነበር፦ “ተኛ! እንዳትነቃነቅ!”

ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ አገኘሁት። እግሬ ይደነዝዝ ወይም ይዝል እንደሆነ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ያስቸግረኝ እንደሆነ፣ ትኩሳት እንዳለኝ፣ ያለምክንያት ከስቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። እነዚህ ካሉ ነገሩ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ሁሉንም “የለም” ስለው፣ “በል እንግዲያው ተንቀሳቀስ” ብሎኝ አረፈው።

“ኤምአርአይስ ዶክተር?”

“ምንም ሕመም የሌላቸውን የአርባ ዓመት ሰዎች ብታነሳቸው ከግማሽ በላዩ ዲስኩ አርጅቶ ታገኘዋለህ። ፎቶው ያስደነግጥህ ይሆናል እንጂ አያድንህም።”

እኔ መቼም በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ ነገሩ አዲስ አይደለም! እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ወገባቸውን የታመሙ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ሁለት ቀን፣ ገሚሶቹ ሰባት ቀን እንዲተኙ ተነገራቸው። ሰባት ቀን መተኛት የጨመረላቸው ነገር የለም፤ እንዲያውም ሁለት ቀን የተባሉት ከሥራ የቀሩት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በ1995 ደግሞ ፊንላንዶች አንዱን ወገን አስተኙት፣ ለሁለተኛው ስፖርት ሰጡት፣ ሦስተኛውን “ሕመሙ በፈቀደልህ መጠን የዘወትር ኑሮህን ኑር” አሉት። ቶሎ የዳነው ሦስተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም እንቅስቃሴን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶን ግን እንዲሁ በልማድ አትዘዙ ብሏል። ቀበቶው በምስጋና ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

“ተንቀሳቀስ” ማለት ቀላል ነው። ግን እንዴት? እናላችሁ ሙከራው ተጀመረ።

መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስቷ በሆዴ አስተኝታ በክንዴ እየተደገፍኩ ደረቴን ቀና እንዳደርግ አስተማረችኝ። የዚህ ዘዴ አባት ሮቢን ማኬንዚ የተባለ የኒውዚላንድ ባለሙያ ነው። በ1956 አንድ ታካሚው ራስጌው ከፍ ብሎ በተተወ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲጠብቀው ቆየ። ማኬንዚ ገብቶ ሲያየው ደነገጠ፤ ሰውየው ግን ለሳምንታት ያልተሻለው ሕመም ቀለል ብሎት ነበር። እኔንም ቀለል አለኝ፤ ጠዋት ጠዋት በተለይ።

ቀጥሎ ካናዳዊው ስቱዋርት ማክጊል የሚያስተምራቸው ሦስት እንቅስቃሴዎች መጡ። አንደኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አንድ ላይ መዘርጋት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ትንሽ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ግን በር ይዘጋ። ልጄ ፈረስ የሆንኩላት መስሏት ሁለት ጊዜ ተፈናጣብኛለች።

የሰፈራችንን ኤሮቢክስም ሞከርኩ። ሙዚቃው ግድግዳ ያነቃንቃል፤ አሠልጣኙ “ወገብ! ወገብ! ሰበር አድርጉት!” እያለ ይጮሃል። ወዳጄ፣ እኔ የመጣሁት የተሰበረውን ላስጠግን ነው! በሁለተኛው ቀን ተሰናበትኩ።

ከዚያ ዮጋ። እዚህ ላይ ቤተሰብ ተረበሸ። “የማን አምላክ ነው የሚሰገድለት?” አለች አክስቴ። ተንበርክኮ ግንባርን ምንጣፍ ላይ ማሳረፍን፣ እጅን ወደ ፊት መዘርጋትን ሳሳያት ዝም ብላ አየችኝና፣ “ይሄማ በዐቢይ ጾም እኔም የምሰግደው ነው። ገንዘብ ከፍለህ ከምትሰግድ ቤተ ክርስቲያን በነጻ አይሻልህም?” አለች። የዮጋ ሥሩ ህንድና የህንድ እምነት መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህ ኅሊናው የሚከብደው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በ228 ሰዎች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት ዮጋን ከተራ ማሳሳብ ጋር አወዳድሮ ብልጫ አላገኘበትም፤ ሁለቱም ጠቀሙ። እኔ ከዮጋ የወሰድኩት ቀስ ብሎ መተንፈሱን ነው። ሕመሙን ስፈራ ሰውነቴ እንደ እንጨት ይገትር ነበር፤ እስትንፋሴ ሲረጋ እሱም ላላ።

በመጨረሻ የቀረሁበት ግን የእግር መንገድ ነው። ጠዋት ከገርጂ ወደ መገናኛ፣ ታክሲ ሳልጠብቅ። በ2024 አውስትራሊያ ውስጥ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎች ተፈትነው ነበር። በባለሙያ እየተመሩ ቀስ በቀስ እርምጃቸውን የጨመሩት ሕመሙ ዳግም እስኪያሰናክላቸው እንደ መካከለኛ ቁጥር 208 ቀን ሲቆዩ፣ ሌሎቹ የቆዩት 112 ቀን ነው። መዋጮ የለው፣ ምዝገባ የለው!

ይህን ሁሉ እውቀት ተሸክሜ አንድ ቀን ለጎረቤታችን ማስተማር ጀመርኩ። እሷ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ የሦስት ልጆች እናት ናት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ “እናንተ ወገባችሁን ለማዳን ትከፍላላችሁ፤ እኔ የሚከፈለኝ ወገቤን ሰብሬ ነው” አለች።

ምን ይመለሳል? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምራ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ምጣዱ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ውኃ ሲጠፋ ባለሃያ ሊትሩን ጀሪካን ደረጃ ታወጣዋለች፤ ሃያ ሊትር ማለት ሃያ ኪሎ ነው። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረበት ተገምቷል፤ ከታወቁት መንስኤዎች አንዱም ሥራ ነው፦ ሸክሙ፣ ማጎንበሱ፣ ያለ እረፍት አንድ ቦታ መዋሉ። ለእሷ “ተኛ” ማለት ቀልድ ነው፤ “ዮጋ ሥሪ” ማለት ደግሞ ስድብ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ስለ ስፖርቱ ትቼ ስለ ምጣዱ ጠየቅኋት። ትልቁ ልጇና እኔ አንድ ከሰዓት ከግንባታ የተረፉ ብሎኬቶች ደርድረን ምጣዱን ወገቧ ድረስ ከፍ አደረግነው። ጀሪካኑ በሁለት ባለአሥር ሊትር ተተካ። በየአሥር እንጀራው ደግሞ በረንዳው ድረስ ወጥታ ትመለሳለች።

አልዳነችም። እኔም ጨርሶ አልዳንኩም፤ ሲበርድና ስብሰባ ሲረዝም ያስታውሰኛል። ግን አሁን ቆማ ነው የምትጋግረው፤ “ማታ ማታ እንደ ድሮው አያነቃኝም” ብላኛለች። ባለፈው ቅዳሜ አሥር እንጀራ ልገዛ ሄጄ ቤት ስቆጥረው አሥራ ሁለት ሆነ። ትርፉን ልመልስ ብቅ ስል ገና ከበሩ፣ “ሂድ ወደዚያ! የቴራፒስት ክፍያ ነው” አለችኝ።