ለሻማ ብርሃን የሚበቃ ሌንስ

ፍላሽ የሻማን ጥላ ሲያጠፋ የፊትንም መስመር አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ አያቴን በሻማ ብርሃን ለማንሣት ዙም የሌለው፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌንስ ፈለግሁ። ባለ 85 ሚሊሜትሩ ለፊት ምስል የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ወደ ኋላ መራቅን ይጠይቃል፤ የእርሳቸው ክፍል ደግሞ ጠባብ ናት። ባለ 50ውን መረጥሁ። በኤፍ 1.8 ሲከፈት፣ በኤፍ 5.6 ከሚገባው ብርሃን ዐሥር እጥፍ ያህል ያስገባል። ከዚህም የሚሰፋ አለ፦ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ለወጣው «ባሪ ሊንደን» የሻማ ትዕይንቶች ለናሳ የተሠራ ባለ ኤፍ 0.7 ሌንስ ተጠቅሟል።

ብርሃኑ ግን ዋጋ አለው። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ ይሳሳል፤ በቅርብ ሲያነሡ ዐይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። ሁሉን መያዝ አይቻልም። የአያቴን ዐይን ሞራ እየጋረደው ነው፤ እኔም እርሱን መረጥሁ፤ ገና እያዩኝ ሳለ ላኖረው ብዬ።